አዲስ አበባን በማታ፦ ከጋለሪ እስከ አዝማሪ ቤት፣ ለማምሸት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሁሉ አዲስ አበባን በማታ ያውቃል ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው ሁለት ዓይነት ቤት ብቻ ነው የሚያውቀው። አንዱ ቦሌ አካባቢ ያለው ጆሮ የሚያደነቁር ክለብ ነው። ሌላው እንግዳ ሲመጣ የሚኬድበት የባህል ምግብ ቤት ነው። በሁለቱ መሀል ግን ሌላ ከተማ አለ። ሥዕል ተሰቅሎ ወይን የሚቀዳበት፣ ግጥም በሳክስፎን ታጅቦ የሚነበብበት፣ አዝማሪ ስማችሁን ጠይቆ በዜማ የሚሰድባችሁ ከተማ።

ይህ መመሪያ ለዚያኛው ነው። እዚሁ ለሚኖርም፣ ከክፍለ ሀገር ለመጣም፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሁለት ሳምንት ብቅ ላለም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ይህን ከተማ በቤት ስም ብቻ ካሳደዳችሁት አታገኙትም። ቤቶቹ ይቃጠላሉ፣ ይፈርሳሉ፣ ኪራይ ይቆለልባቸዋል። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ቤት፣ ጃዝአምባ፣ ጥር 2007 ዓ.ም. በተነሳው እሳት ጠፋ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ከኮሪደር ልማቱ ጋር በጅምላ ፈረሱ። የእስክስታው ሰው መላኩ በላይ ካዛንቺስ ላይ ለዓመታት ያቆመው የባህል ማዕከል፣ ፈንዲቃም፣ ያንን ግቢ መልቀቅ ግድ ሆነበት። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ማሲንቆውም ከበሮውም ተጠቅልሎ ሌላ ቤት ገባ። ስለዚህ ቤቱን ሳይሆን ሙዚቀኛውን፣ ሠዓሊውን፣ ገጣሚውን ተከተሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን እንዴት እንደምታደርጉ ነው።

1. መጀመሪያ ወቅቱን እዩ

ከቦታው በፊት ቀን መቁጠሪያውን ክፈቱ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የከተማው ምሽት ይቀዘቅዛል። ብዙ አዝማሪ ቤቶች 55ቱን ቀን ዘግተው ይቆያሉ፣ አዝማሪዎቹም ወደ አገራቸው ይሄዳሉ ወይም ለሥራ ባሕር ይሻገራሉ። ከውጭ የምትመጡ ሰዎች የአዝማሪ ምሽት ካማራችሁ ትኬቱን ከፋሲካ በኋላ ቁረጡ። ወይም ጾሙ ከመግባቱ በፊት። ጋለሪዎችና የውጭ አገር የባህል ተቋማት ግን በጾም ወቅትም ሥራቸውን አያቆሙም። እንዲያውም ጾም ለሥዕልና ለቴአትር ምቹ ጊዜ ነው፤ ግርግሩ ይቀንሳል።

ጥር የሠርግ ወር ነው። ጎበዝ ሙዚቀኛ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ ስለሚውል በዚያ ወር ከሳምንቱ መሀል ያሉትን ቀናት ምረጡ። ነሐሴና ጳጉሜን ደግሞ ዳያስፖራው የሚገባበት፣ ትልልቅ ኮንሰርት የሚበዛበት ጊዜ ነው። ለኔ ያ ወቅት ለትንንሽ መድረክ አይመችም። ሁሉም ሰው ስታዲየም ነው።

ከሳምንቱ ቀናት ዓርብና ቅዳሜን ለክለቦቹ ተዉላቸው። የሚሰማ ሙዚቃ ከፈለጋችሁ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ምሽቶች ይሻላሉ። ሙዚቀኛው ለራሱ ሲጫወት የሚሰማው ያኔ ነው።

2. ወሬው የት እንዳለ እወቁ፣ ሰዓቱን ደግሞ ሁለቴ አንብቡ

የዚህ ከተማ የምሽት ፕሮግራም ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ቴሌግራም ላይ ነው ያለው። ከዚያ ኢንስታግራም፣ ከዚያ የካፌ በር ላይ የተለጠፈ ፖስተር። የሚሻለው ግን የቤቱን ገጽ ሳይሆን የሙዚቀኛውን ገጽ መከተል ነው። ከበሮ መቺው ሐሙስ የት እንደሚጫወት የሚጽፈው በራሱ ገጽ ነው፤ ቤቱ ግን የቢራ ማስታወቂያ ይለጥፋል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፖስተሩ ላይ «7:00» ከተባለ የማን ሰዓት ነው? የውጭ ተቋም ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። የሀገር ውስጥ አዘጋጅ ከሆነ ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሚታይ ቴአትር እንዲህ ነው የሚጻፈው። መለያው ቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ስድስት ሰዓት ቀንሱ። በአማርኛ ከተጻፈ እንዳለ ውሰዱት። በሁለቱም ከተጻፈና ካልገባችሁ ደውሉ፣ ነውር የለውም። ቀኑም ያው ነው። ሜይ 8 እና ግንቦት 8 በመካከላቸው ስምንት ቀን አላቸው፤ ግንቦት 8 የሚውለው ሜይ 16 ነው።

ደግሞ «በ12 ሰዓት ይጀምራል» የተባለ ዝግጅት በ12 ሰዓት አይጀምርም። ቲያትር ቤትና የባህል ተቋም ሰዓት ያከብራሉ። ሌላው አንድ ሰዓት ያህል እንደሚዘገይ ቁጠሩ።

3. ቀኑን በሥዕል ጀምሩ

ምሽቱ የሚጀምረው ከሰዓት ነው። ሥዕል በቀን ብርሃን ነው የሚታይ፣ ሠዓሊውም ማታ የት እንደሚያመሽ የምትሰሙት እዚያው ነው።

መካኒሳ የሚገኘው ዞማ ሙዚየም ለመነሻ ጥሩ ነው። መስከረም አሰገድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የከፈቱት ነው። ግድግዳዎቹ ጭቃና ጭድ ናቸው፤ የአያቶቻችን ምርጊት። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጭቃው ላይ እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ፣ እየተጠማዘዘ ከጥግ እስከ ጥግ የሚሄድ ቅርጽ አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አጋድላ ስትመታው ጥላው ይወርድና ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ስለዚህ ከ9 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ኤልያስ ስሜን ዓለም የሚያውቀው በተጣሉ የኮምፒዩተር ሰሌዳዎችና ሽቦዎች በሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች ነው። ጭቃውን ካያችሁ በኋላ እነዚያን ማየት ሌላ ነገር ነው።

ስድስት ኪሎ ደግሞ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የሆነው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ገብረ ክርስቶስ ሠዓሊ ብቻ አልነበረም፣ ገጣሚም ነበር። ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው ረቂቅ ሥዕል በወቅቱ ብዙ ሰው አነጋግሯል። ሥዕሎቹን አይታችሁ ማታ ግጥም ምሽት ብትሄዱ ቀኑ ራሱን ይገጥማል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠዓሊ ሲያፈራ ኖሯል። በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ፣ ክረምት ሲገባ፣ ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ያሳያሉ። በኔ እምነት ከከተማው ኤግዚቢሽኖች ሁሉ ሊያመልጣችሁ የማይገባው ይህ ነው። ገና ዋጋ ያልወጣላቸው፣ ማንም ያልነካቸው ልጆች ናቸው። ከጋለሪ ደግሞ ቦሌ አካባቢ ያለው አዲስ ፋይን አርት የታወቀ ነው። የገበያ ሴቶችን ቀጥ አድርጎ በሚያቆምባቸው ሥዕሎቹ የሚታወቀውን ታደሰ መስፍንን ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት አንዱ እሱ ነው። ታደሰ እዚያው የአለ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአሥርታት አስተምሯል። ዛሬ ስማቸው የሚጠራ ብዙ ወጣት ሠዓሊዎች የእሱ ተማሪ ነበሩ።

የኤግዚቢሽን መክፈቻ ምሽት አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው። ጥሪ የለኝም ብላችሁ አትሸማቀቁ፤ ንጹሕ ልብስና ሰላምታ ይበቃል። ሠዓሊው ሥራው አጠገብ ቆሞ ካገኛችሁት መጀመሪያ «ስንት ነው?» አትበሉት። «በምን ሠራኸው?» በሉት። ለዚህ ጥያቄ ሃያ ደቂቃ ይሰጣችኋል። ሊዘጋ ሲል ደግሞ «ከዚህ ወዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከማንኛውም ማስታወቂያ የሚበልጠው ጥያቄ ይኼ ነው።

4. የግጥም ምሽት

የሌላ አገር ሰው የማያምነው ነገር፣ እዚህ ከተማ ግጥም ለመስማት ሰው ይጋፋል። ለዓመታት በራስ ሆቴል በየወሩ ሲካሄድ የኖረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በሩ ላይ ይቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ መልኩን የቀዱ ብዙ መድረኮች ተከፍተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ባንዱ ከኋላ ለስለስ አድርጎ ይጫወታል፣ ገጣሚው ይገባል፣ ሳክስፎኑ ስንኙ ሲያርፍ ይመልስለታል። በመሀል አጭር ወግ ወይም ዲስኩር ይገባል።

ቀድማችሁ ድረሱ። የተያዘ ወንበር የሚባል ነገር አለ ግን ማንም አያከብረውም። ሲነበብ ስልክ አጥፉ። ጥሩ ስንኝ ሲመጣ ማጨብጨብም «ድገመው!» ማለትም ይፈቀዳል። ሰዉ ሁሉ ሲስቅ እናንተ ካልሳቃችሁ ወርቁ አምልጧችኋል ማለት ነው፤ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፣ ደስ ብሎት ይፈታላችኋል።

ቴአትር ከፈለጋችሁ ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። መግቢያቸው ከአንድ ማኪያቶና ኬክ ብዙም የሚበልጥ አይደለም። የባህል ተቋማቱን፣ ማለትም የፈረንሳዩን አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝን፣ የጀርመኑን ጎተንና የጣሊያንን፣ ከዝርዝራችሁ አታውጡ። አሊያንስ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ሙከራ የሚባል ሙዚቃ፣ ዘመናዊ ውዝዋዜ፣ ሌላ ቦታ የማይታይ ፊልም የምታገኙት እነሱ ጋ ነው። መታወቂያ ያዙ፣ በር ላይ ፍተሻ አለ።

5. አዝማሪ ቤት

እዚህ ጋ ቀስ እንበል።

መጀመሪያ ከባህል ምግብ ቤቱ ለዩት። እንደ ዮድ አቢሲንያና 2000 ሀበሻ ያሉት ቤቶች ትልቅ መድረክ፣ ቡፌ፣ ልብስ እየቀያየረ የብሔር ብሔረሰቦችን ጭፈራ የሚያሳይ ቡድን አላቸው። ለእናት፣ ለልጅ፣ ለውጭ አገር እንግዳ ጥሩ ናቸው። አዝማሪ ቤት ግን ትዕይንት አይደለም። ጠባብ ነው፣ መድረክ የለውም ወይም አንድ እርምጃ ከፍ ያለ ነገር ብቻ አለው፣ አዝማሪው ጉልበታችሁ አጠገብ ይቆማል። እናንተም የጨዋታው ክፍል ናችሁ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ወይም 4 ሰዓት ላይ ድረሱ። ከዚያ በፊት ከሄዳችሁ ወንበር ነው የምታገኙት። መሰደብ ካልፈለጋችሁ ጥግ ያዙ። ከፈለጋችሁ ግን ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ምክንያቱም የቤቱ ጣዕም ያለው እዚያ ነው። ትንሽ ከቆያችሁ አዝማሪው ወይም አዝማሪዋ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይመጣል። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ ነው ያለው፣ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ከዚያ አንድ ጅማት የሚወጣውን ድምፅ በቅርብ ስትሰሙት ሰው ያለቀሰ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ስማችሁን ይጠይቃል። ሥራችሁን፣ አብሯችሁ ያለው ማን እንደሆነ፣ አገራችሁን። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይኼ ሁሉ በዜማ ተመልሶ ይመጣል። መነጽር አድርጋችሁ፣ ዘንጣችሁ፣ ግን እጃችሁን ሳትዘረጉ ከቆያችሁ እንዲህ ዓይነት ነገር ይደርሳችኋል፦

መነጽሩ አማረ፣ ሸሚዙም አማረ፣
እጁ ግን ከኪሱ ምነው ተቀበረ?

ቤቱ ይስቃል። እናንተም ሳቁ። ከዚያ እጃችሁን ከኪሳችሁ አውጡ። ሽልማት የሚባለው ይህ ነው፤ ብሩን ግንባሩ ላይ መለጠፍ ወይም በእጁ ማስያዝ። ከቤት ስትወጡ ሃምሳና መቶ ብር ዘርዝራችሁ ያዙ። ቴሌብር ግንባር ላይ አይለጠፍም። አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት አራት አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መስጠት ይሻላል፣ ሙገሳውም ስድቡም ይረዝምላችኋል።

«አገርህ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ድሮ ቀላል ነበር። ዛሬ ላይ ሁሉም ሰው በዚህ ጥያቄ አይመቸውም። ካልተመቻችሁ «አዲስ አበባ» ብላችሁ እለፉት፤ አራዳ አዝማሪ ወዲያው ይገባውና ወደ ሰፈራችሁ ያዞረዋል።

ደፈር ስትሉ «ተቀበል!» በሉት። እናንተ አንድ ስንኝ ትሰጣላችሁ፣ እሱ በዜማ ይቀበላል፣ ሁለተኛውን ትሰጣላችሁ፣ ያንንም ይቀበላል። ቤት መምታት አለበት። ጓደኛችሁን መተረብ ይቻላል። ከእናንተ ጠረጴዛ ያልሆነን ሰው፣ በተለይ ከሴት ጋር የተቀመጠን፣ በስንኝ መንካት ግን ጠብ ያመጣል። አዝማሪው ፈቃድ አለው፣ እናንተ የላችሁም።

እስክስታ ላይ ትከሻችሁ እምቢ ቢልም ተነሱ። ማንም አይታዘባችሁም፣ የሚታዘቡት ተቀምጦ በስልክ የሚቀርጸውን ነው። መቅረጽ ካስፈለጋችሁ አስፈቅዱ፣ አጭር ቅረጹ፣ የሌላ ጠረጴዛ ሰው ፊት አታስገቡ። እዚያ የተቀመጠ ሁሉ እዚያ መሆኑ እንዲታወቅ አይፈልግም።

ጠጅ ካማራችሁ በአዝማሪ ቤት አትጀምሩት። ጠጅ ቤት ከሰዓት ሂዱ፤ አብዛኛው ጠጅ ቤት ቀን ሠርቶ በጊዜ የሚዘጋ ነው። ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ እየተባለ ይቀርባል። ደረቁ በብርሌ ሲገባ የዋህ ይመስላል፣ ስትነሱ ነው ጉልበታችሁን የምትፈልጉት።

6. ጃዝና ባንድ

የከተማው ጃዝ ሥሩ ነሐስ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች»፣ የመጀመሪያውን ትልቅ የነሐስ ባንድ አቆሙ። ከዚያ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ መጣ። ሙላቱ አስታጥቄ እንግሊዝና አሜሪካ ተምረው ሲመለሱ የእኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አገናኙት፣ ኢትዮ ጃዝ ተባለ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር ሰዉ ክለብ ውስጥ ተዘግቶበት እየጨፈረ ያነጋ ነበር።

አሁን ላይ ጃዝ የምታገኙት በአብዛኛው ሆቴልና ላውንጅ ውስጥ፣ በተወሰነ ቀን ነው። ስም ከመስጠት ይልቅ ዘዴ ልስጣችሁ። አንድ ባንድ ከወደዳችሁ በእረፍት ሰዓት ቤዝ ተጫዋቹን ወይም ከበሮ መቺውን አናግሩት። ዘፋኙ ሳይሆን እነሱ። አንድ ጎበዝ ቤዝ ተጫዋች በሳምንት ውስጥ ከሦስት አራት ባንድ ጋር ይሠራል። የእሱን ሳምንት ካወቃችሁ የከተማውን ሙዚቃ ግማሽ አወቃችሁ።

ስትሰሙ ደግሞ ቅኝቱን ለመለየት ሞክሩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ትዝታን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንቺሆዬ ሲመጣ ግን ጆሮ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ሊጣመም ያለ የሚመስል ነገር ትሰማላችሁ። ሳክስፎኑ እዚያ ውስጥ ሲገባ ነው ኢትዮ ጃዝ የሌላ አገር ጃዝ የማይሆነው።

7. ከእኩለ ሌሊት በኋላ

አጭር ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ከአትላስ እስከ ቺቺኒያ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ዲጄ፣ ጭስ፣ የጠርሙስ ቢራ በጠርሙስ ውስኪ ዋጋ። የወንድ ቡድን ብቻ ሆናችሁ ከሄዳችሁ በር ላይ ልትመለሱ ትችላላችሁ። በሕጉ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥም፣ በቤቶቹ ውስጥ ማጨስም ክልክል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ሺሻ ቤት ፖሊስ ይወርራል፣ ሲወርር ደንበኛውንም አብሮ ነው የሚያፍሰው። የማያዘወትር ሰው እዚያ ምን ያደርጋል?

8. ሂሳብና ወደ ቤት

ዋጋ ቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ቦታ 15 በመቶ ቫት ያልተጨመረበት ነው፣ አንዳንዱ 10 በመቶ ሰርቪስም ይደርባል። ሂሳቡን ከመጨረሻ አንድ ጊዜ ከመክፈል በመሀል በመሀል ዝጉ። በሞቅታ ሰዓት የመጣ ቢል ላይ ያልጠጣችሁት ጠርሙስ ይገባበታል፤ ከረሳችሁት ደግሞ ማን ያስታውሰዋል?

ሌሊት ላይ ሚኒባስ የለም ብላችሁ አስቡ፣ ቀላል ባቡሩም አይሠራም። ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን የአፕ ታክሲዎች ጥሩ። ራይድን በአፕ ካልሆነላችሁ 8294 ደውሉ። ውጭ ቆማችሁ ስልካችሁን እያበራችሁ አትጠብቁ፣ መኪናው እስኪደርስ ውስጥ ሁኑ። ታርጋውን ከስልኩ ጋር አስተያዩ፣ ከኋላ ተቀመጡ፣ ያላችሁበትን ቦታ ለቤተሰብ ላኩ። ሴት ሆናችሁ ብቻችሁን ከሆነ ደግሞ ሹፌሩ እየሰማ ለአንድ ሰው ደውሉና «ተሳፍሬያለሁ፣ ታርጋው ይኼ ነው» በሉ።

«አፑን ዘግቼ በድርድር ላድርስሽ» የሚል ካለ ውረዱ፣ ሌላ ይመጣል። ደህና ሹፌር ካገኛችሁ ግን ስልኩን ተቀበሉት። ሌሊት የሚሠራ ሹፌር የትኛው ቤት ዛሬ እንደሞላ፣ የትኛው እንደተዘጋ ከሁላችንም ቀድሞ ያውቃል።